አውራ ጣቴ የሚያውቀው

ዓርብ፣ ግንቦት 9 ቀን። ጠዋት ካፊያ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ጠራ። የነበሩት፦ አንተ «ረጅሟ» የምትላቸው ዶክተር፣ ሲስተር፣ የጥናቱን ስሌት ስለሚሠራ አቶ ቁጥር የምንለው፣ እና ወለል ልወለውል የገባሁት እኔ።

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤ እንዲህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰላምታ ይቀድማል፣ ቀጥሎ «እኔ ደህና ነኝ፣ አንተስ» ይመጣል። እኔ ግን ጽሑፍ የለመድኩት ከሥራ ቦታዬ የዕለት መዝገብ ነው፤ ተበላሽቶ ከሚጣለው ቅጽ። ቅጹ ቀኑን፣ አየሩን፣ የነበሩትን ሰዎች ይጠይቅና ከዚያ የሆነውን ጻፉ ይላል። እኔም የሆነውን ልነግርህ ነው። ሰላምታው ይቆይ። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ስልኬን ያላነሳ ሰው ሰላምታ ምን ያደርግለታል?

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖስታው ተከፈተ። በትንፋሹ ጥናት ውስጥ ማን የትኛውን መሣሪያ እንደያዘ የተጻፈበት፣ አቶ ቁጥር በሦስት ቦታ በፕላስተር አሽጎ ብረት ሳጥን ውስጥ የቆለፈበት ፖስታ። እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ልነግርህ አልችልም ነበር፤ ቃል ገብቻለሁ። ከአሁን በኋላ ደግሞ ዝም ብል ኃጢአቱ የኔ ነው። ምክንያቱም ትናንት ልጅህ ደወለችልኝ። የትራምፔትህን ሳጥን ልትወለውል ከፍታ የደም ግፊት ኪኒኖችህን አገኘች። ሦስት እሽግ። አንዷም አልተነካችም።

«አክስቴ፣ እኔን አይሰማኝም» አለችኝ። «ጎረቤቱን ሁሉ ‘በትንፋሽ ድኛለሁ’ እያለ ነው።»

ስለዚህ ከመጀመሪያው እጽፍልሃለሁ። የምታውቀውንም እጽፈዋለሁ፣ ስትናደድ የምታውቀውን ትረሳለህና።

ወደዚህ ነገር ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን ከዩኒቨርሲቲው ኮሪደር ላይ አንሥቼ ቤትህ ድረስ አመጣሁልህ። «ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት በላይ የሆነ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ በየጠዋቱ ለአሥር ደቂቃ የትንፋሽ ልምምድ ለማድረግ ፈቃደኛ የሆኑ» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩልህ። መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ ሳቅህን ለቀቅከው።

«ትንፋሽ? ለኔ? ሃያ ስምንት ዓመት ትራምፔት ለነፋ ሰው? ሚጢ፣ ለዓሣ ዋና ሊያስተምሩት ነው እንዴ!»

«ልብህን ነው የሚያዩት» አልኩህ።

«ልቤንማ አንቺ ታውቂው የለም?»

ቢሆንም መጣህ። ሱፍህን ለብሰህ፣ ጫማህን አስጠርገህ፣ መድረክ የምትወጣ መስለህ መጣህ። ሲስተር ቅጽህን ስትሞላ እኔ ከኋላህ ባልዲዬን ይዤ ቆሜ ነበር።

«በጥናቱ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ አለዎት?» አለችህ።

«የለኝም፣ እመቤቴ» አልክና ዞረህ ጠቀስከኝ።

አልተቀየምኩህም። እውነቱን ልንገርህና፣ ውሸት መሆኑ ራሱ አልታየኝም። በጥናቱ የሚሠራ ማለት ነጭ ጋውን የለበሰ ነው ብዬ ነው። ያኔ ሲስተር ዞራ «አንቺስ ዘመዱ ነሽ?» ብትለኝ ኖሮ አዎ እል ነበር። ባልዲ የያዘን ሰው ማን ይጠይቃል?

አሁን ስለ መሣሪያዋ። ያቺ ነጭ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጠዋት ጠዋት ሠላሳ ጊዜ አየር የምትስብባት። በውስጧ ሞላ አለ። የግማሾቹ ሞላ ጥብቅ ነው፤ አየሩን ስትስብ ይታገላል፣ የደረትህን ጡንቻ ያሠራል። የግማሾቹ ሞላ ደግሞ የላላ ነው፤ እንዲያው ለወጉ ያህል ይይዝና ወዲያው ይለቃል። በመልክ፣ በክብደት፣ በድምፅ አንድ ናቸው። ጥብቁ የሰውን ግፊት የሚያወርድ ከሆነ የሚታወቀው ከላላው ጋር ሲተያይ ነው። ለዚህ ነው የማን የትኛው እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ የተደረገው። አንተም፣ የምትለካህ ሲስተርም፣ ዶክተርም አታውቁም። «ያወቀ ሰው ልቡ ያደላል፤ ለኪውም ካወቀ ጆሮው ያደላል» ይላሉ ዶክተር።

ሁሉን አስበዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀረባቸው። ዓርብ መልሳችሁ ሰኞ የምትወስዷቸውን መሣሪያዎች አርባ ስድስቱንም ፈታትቶ፣ ሞላውን አውጥቶ፣ በመድኃኒት አጥቦ፣ መልሶ የሚገጥም ሰው አለ። ሞላው ወደ ቦታው የሚገባው በአውራ ጣት ተጭነህ ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ምንም አላልኩም። በሁለተኛው ዓርብ ጣቴ ዐወቀ። ጥብቁ ጣቴን መልሶ ይገፋኛል፣ የላላው እሺ ይለኛል። ከዚያ በኋላ በየመሣሪያው ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ሳልፈልግ ያዝኳቸው፤ እንደ ዘፈን ግጥም ነው፣ አልይዝም ብትል ምን ታደርገዋለህ።

«አትናገሪ» ያለኝ የለም። ታውቃለች ብሎ ያሰበ አልነበረማ።

ያንተ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሠላሳ አንድ እሺ ይላል።

ይህን መስመር ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ተነሥቼ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ ጽዱ የነበረውን፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዓርብ ጠዋት ተራችሁን ስትጠብቁ ኮሪደሩን የምወለውለው አንተን ለመስማት ብዬ ነበር። ያ ሆዱ ከፍ ያለው ባለ ሱቅ ሁልጊዜ አጠገብህ ይቀመጣል።

«እኔ እኮ አሥረኛው ትንፋሽ ላይ ዓይኔ ይጨልማል» አለህ አንድ ቀን። «ሚስቴ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ፣ እወድቃለሁ ብላ።»

«በአሥሩ? እኔ ሠላሳውን ጨርሼ፣ ጋዜጣዬን እያነበብኩ ሌላ ሠላሳ እደግማለሁ።»

«ኧረ አትቀልድ!»

«ወዳጄ፣ ሳንባ እንደ ሱቅ ነው። ዘግተኸው ከርመህ ስትከፍተው ዕቃው ሁሉ አቧራ ለብሶ ታገኘዋለህ።»

የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ባለ ሱቁ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲስተር በር ከፍታ «እባካችሁ፣ ሳቅ ግፊት ይጨምራል፣ ቁጥሬን አታበላሹብኝ» ብላ እሷም ሳቀች። እኔ መወልወያዬ ላይ ተደግፌ ቀረሁ። የባለ ሱቁ ሞላ ጥብቁ ነው። ዓይኑ የሚጨልምበት ስለሚታገለው ነው። አንተ ደግሞ ምንም የማይታገልህን ነገር ሳብ አድርገህ ጣልከውና አሸነፍኩ አልክ።

ልንገርህ ብዬ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አንዱ ምክንያት ጥናቱ ነው። ዶክተር ለዚህ ሥራ ሦስት ዓመት ለፍተዋል፤ ወረቀታቸውን ሲጥሉ እያነሣሁ ስለማነብ ድካማቸውን ከሰው ሁሉ ይልቅ አውቀዋለሁ። ሌላው ምክንያት ግን አንተ ነህ። ትራምፔት የምትነፋበት ባንድ ከፈረሰ ወዲህ እንዲያ ቀጥ ብለህ ስትራመድ አላየሁህም ነበር። ከሳምንት ወደ ሳምንት አንገትህ እየረዘመ፣ ደረትህ እየተነፋ ስትሄድ ሳይህ፣ ይሁን፣ ማንን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩ። ክፋቱ የላላው ሞላ ሰው አለመጉዳቱ ነው። የሚጎዳው እምነቱ ነው፤ ያንን ግን ጣቴ አላወቀውም።

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ፣ ደረጃው ላይ አገኘኸኝ።

«ሚጢ፣ ጆሮሽን አምጪ።»

«ምን ሆንክ?»

«ኪኒኗን ትቻታለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ቀስ በይ እንጂ! አንድ ወር አለፈኝ። ይኸው፣ ምን ሆንኩ? እንደ ወፍ ቀለለኝ። ይቺ መሣሪያ ካዳነችኝ ምን ቆርጦኝ ሆዴን በኪኒን እሞላለሁ?»

«ለሲስተር ነግረሃታል?»

«ለሲስተርማ ‘እየዋጥኩ ነው’ ነው የምላት። አለዚያ ያስወጡኛላ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረግከኝ። «ሲያልቅ አንቺንም አስተምርሻለሁ፤ ትንፋሽሽ እንደ ድመት ነው።»

ያን ቀን ከለካችህ በኋላ የሲስተርን ጠረጴዛ ስወለውል ወረቀትህን አየሁት። ማየት አልነበረብኝም፤ አየሁት። መጀመሪያ የመጣህ ቀን መቶ ሃምሳ ሁለት። በሦስተኛው ሳምንት መቶ ሃምሳ ስምንት። በስድስተኛው መቶ ስድሳ አራት። ያን ቀን መቶ ሰባ አራት። መቶ ሰማንያ ካላለፈ ለተሳታፊው አይነገርም፣ ሕጉ ነው። ሲስተር ቁጥሩን ታውቃለች፣ ኪኒን መተውህን አታውቅም። አንተ ኪኒን መተውህን ታውቃለህ፣ ቁጥሩን አታውቅም። ሞላህን ደግሞ ሁለታችሁም አታውቁትም። በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ሦስቱንም የያዝኩት እኔ ብቻ ሆንኩ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ለዶክተርም አልነገርኩም።

ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ያንተን ፈትቼ ሞላውን አወጣሁ። የባለ ሱቁንም ፈታሁና አወጣሁ። ሁለቱን በሁለት መዳፌ ይዤ ቆምኩ። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ጥብቁን ካንተ መሣሪያ ውስጥ አስገብቼ ተጫንኩት፤ ቀጭ አለና ገባ። ሰኞ ስትስብ ይታገልሃል፣ ትደነግጣለህ፣ ከዚያ በእልህ ትሠራለህ፣ ምናልባት በርግጥ ትድናለህ ብዬ። የላላውን ግን ከባለ ሱቁ ላይ መግጠም አቃተኝ። እጄ ከመሣሪያው ጫፍ ደርሶ ቆመ። በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው ሚስቱ መጣችብኝ። አይቻት አላውቅም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆማ ታየችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ላንተ ስል ልሰርቅ ነበር። ሰው ትንፋሽ ይሰርቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ሁለቱንም ወደየቦታቸው መለስኳቸው። እጄን እንኳ ሳላደርቅ ሁለት ፎቅ ወጣሁ። ዶክተር እንደ ልማዳቸው ሙቅ ውሃ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አቶ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል።

«ዶክተር፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ወንድሜ ነው» አልኩ።

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ወንድምሽ? ቅጹ ላይ እኮ...»

«የለኝም ብሏል። እኔም ዝም ብያለሁ። ኪኒኑን ትቷል፣ አንድ ወር ሆነው። ድኛለሁ ብሎ ነው። የያዘው ግን የላላውን ነው።»

አቶ ቁጥር ዘሎ ተነሣ። «የላላው መሆኑን ማን ነገረሽ? ፖስታው ተነክቷል?»

«ኧረ አልተነካም።»

«ታዲያ ከማን ሰማሽ?»

«ከማንም። አውራ ጣቴ ነው።»

ሁለቱም ጣቴን አዩት፤ እኔም አየሁት። ዶክተር የታጠቡት መሣሪያዎች ያሉበትን ትሪ አስመጡና ዓይኔን በሻርፓቸው አሰሩኝ። እየፈታሁ፣ እየተጫንኩ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ አደረግሁ። አቶ ቁጥር የሁለቱን ክምር ቁጥሮች ጽፎ ከኮምፒውተሩ ላይ ካለው የተቆለፈ ዝርዝር ጋር ብቻውን ሊያመሳክር ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ወረቀት መስሏል።

«አርባ ስድስቱም ልክ ናቸው» አለና ተቀመጠ። የተቀመጠው እርጥብ ጨርቄ ላይ ነው። አልተነሣም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ ዶክተር።

«ከሁለተኛው ዓርብ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለወንድምሽስ?»

«ለሱም።»

ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ሻርፓቸውን መልሰው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ። ከዚያ «ስለ ፕላስተሩ ውፍረት ሁለት ሰዓት ተከራክረናል» አሉት ለአቶ ቁጥር። «ስለሚያጥበው ሰው ያነሣ ግን የለም። ጥናቱ የተረፈው ይቺ ሴትዮ ወሬ ስለማትወድ ነው።»

ፖስታው እስኪከፈት ድረስ የማንንም ሞላ ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገቡኝ። «እሱ ካላወቀ ኪኒኑን አይውጥም» አልኳቸው። «ግፊቱን እኔ እነግረዋለሁ» አሉ፣ «እምቢ ካለ ስለሱ ስል ምስጢሩን እሰብረዋለሁ።» እፊቴ ደወሉልህ። ግፊትህ ከፍ ማለቱን፣ ከጥናቱ መውጣትህን፣ ኪኒኑን በዚያኑ ዕለት እንድትጀምር ነገሩህ። «እሺ፣ ጀምሬያለሁ» አልክ። በሳምንቱ ደወሉ፣ «እየዋጥኩ ነው» አልክ። እሳቸው አመኑህ። እኔ ግን ድምፅህን አውቀዋለሁ፤ አላመንኩህም። ማመን ስለፈለግሁ ብቻ ዝም አልኩ። ካስቀየምኩህ በላይ ስለዚህ ዝምታዬ ይቅር በለኝ።

ከመጀመሪያው ስልክ በኋላ ባለው ሰኞ መጣህ። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶት ነበር።

«አፍሽን ከፈትሽ አይደል?» አልከኝ። «ሰው ሲድን አይተሽ ቀናሽ?»

«ጋሼ፣ ስማኝ...»

«ምኑን ነው የምሰማሽ? አንቺ ከመጥረጊያ በቀር ምን ታውቂያለሽ?»

ባለ ሱቁ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሲስተር በሯን ቀስ ብላ ዘጋች። አንተም፣ አይቼሃለሁ፣ ቃሉ ከአፍህ እንደወጣ ልትመልሰው እጅህን ከፍ አድርገህ ነበር። ግን ሰው እያየህ ነው። ኮፍያህን አስተካክለህ ወጣህ።

አውቃለሁ ልልህ እችል ነበር። ቃሌ ያዘኝ። ደግሞም ያ ነገር ለምን እንደዚያ እንደወጋኝ ለኔም ግልጽ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ቢለኝ ስቄ የማልፈው ነው። አሁን ስጽፍ ገባኝ። እናታችን ስታርፍ እኔ ስምንት ዓመቴ፣ አንተ ሃያህ። ባንድ የገባኸው ደሞዝና ዩኒፎርም ስላለው ነው። ቤት የሚጠብቅ ስለጠፋ እኔ ከትምህርት ቀረሁ። «ለአንድ ዓመት ብቻ» ተባብለን፣ ከዚያ ዳግመኛ አላነሣነውም። አንተ ግን በየማታው ኪስህን ስትገለብጥ ወረቀት ይወጣ ነበር፤ የኮንሰርት ፕሮግራም፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ ኖታ። «እንኪ ሚጢ፣ ይቺ ምን ትላለች?» ትለኝ ነበር፣ አንተ እያወቅህ። የተማርኩት በዚያ ነው። ያን ቀን መጥረጊያ ብቻ ነው የምታውቂው ስትለኝ የሰደብከው እኔን አልመሰለኝም። በየማታው ኪሱን የሚገለብጠውን ያን ልጅ የሰደብከው መሰለኝ። ለሱ ነው ያዘንኩት።

እንግዲህ ዛሬ አቶ ቁጥር ፕላስተሩን በመቀስ ቆርጦ ዝርዝሩን አነበበ። ሞላቸው የጠበቀላቸው ሰዎች ግፊታቸው ወርዷል። በጣም አይደለም፤ ግን ወርዷል፣ ዶክተርም ዓይናቸውን ጠረጉ። ከላላዎቹ ጥቂቱ ትንሽ ወረደላቸው፣ የብዙዎቹ ባለበት ቆመ። ሲስተር ዶክተርን እቅፍ አደረገቻቸው፤ እሳቸው ረጅም ስለሆኑ ራሷ ከሆዳቸው ነው የደረሰው። እኔ መወልወያዬን ይዤ ልወጣ ስል ዶክተር ጠሩኝ።

«አሁን ንገሪው» አሉኝ። «ንገሪውና ደግሞ ይህንን ጨምሪለት፦ ላልቶባቸው በየጠዋቱ በታማኝነት የሚስቡ ሰዎች ባይኖሩ፣ የጠበቀው ምን እንደሠራ በምን እናውቅ ነበር? ሲሄድ አላመሰገንኩትም። አመስግኚልኝ።»

አመሰግንሃለሁ፣ በሳቸው ስም።

ያቀለለልህ ሳንባህ አልነበረም ወንድም ጋሼ፣ ሞላው ነው። ባለ ሱቁም ደካማ አይደለም። ይህ እንደሚያምህ አውቃለሁና ሳልቸኩል ልጻፈው። ትንፋሽህን በዚያ ቤት የለካው የለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ደረቴ ሲታፈንብኝ ከኋላዬ ተቀምጠህ ጀርባዬን ደረትህ ላይ ታስደግፈኝ ነበር። «አንቺ ምንም አታድርጊ፣ ዝም ብለሽ ከኔ ጋር ተነሺ፣ ከኔ ጋር ተኚ» ትለኛለህ። ደረትህ ከፍ ሲል እኔም ከፍ እላለሁ፣ ሲወርድ እወርዳለሁ። ቀስ እያለ የኔም ይከፈታል። በየትኛውም መድረክ ከነፋኸው ሁሉ ትልቁ ትንፋሽህ ያ ነው፣ የሰማሁትም እኔ ብቻ ነኝ። እሱን ማንም ላላ ብሎ አይወስድብህም። ግፊት ግን ሙዚቃ አይገባውም። አንተን የሚያህል ነፊ ነው ብሎ አይምርህም። መቶ ሰባ አራት የነበረው ከሃያ አንድ ቀን በፊት ነው፤ ዛሬ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ አንተም አታውቅም።

ሌላ ሰው የለኝም። ይኸው ነው፣ ሌላ ማስረዳት አልችልበትም።

እዚህ ላይ ጨርሼ ጠዋት ፖስታ ቤት ልወስደው ነበር። ግን በፖስታ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሦስት ኪኒን ነው። ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ሰማያዊውን ቀሚሴን ለበስኩ። ለሲስተር ደወልኩ። «ዛሬ አልገባም» አልኳት። «አሞሻል?» አለች። «የለም፣ ፈቃድ ነው። ቀኑን ሙሉ።» «አንቺ? ፈቃድ?» ካለች በኋላ «የትናንቶቹን አርባ ስድስት እኔ አጥባቸዋለሁ፣ ሂጂ» አለችኝ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞልቶ አለፈኝ፣ በሁለተኛው ቆሜ መጣሁ። ማዞሪያው ጋ ወረድኩ። ልጅህን ሥራ ስትሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ኪኒኖቹን ወጥ ቤት፣ መስኮቱ ላይ እንዳስቀመጠቻቸው ነገረችኝ። አራቱን ፎቅ ወጣሁ፣ ሦስተኛው ላይ ትንሽ አረፍኩ።

ይህን የምጽፈው ወረቀቱን ከበርህ ጎን ካለው ግድግዳ ላይ ደግፌ ነው፤ ፊደሉ የተጣመመው ለዚያ ነው። ሬዲዮህ ይሰማኛል። ነጠላ ጫማህም ይሰማኛል፣ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። አሁን ደብዳቤውን በበሩ ሥር አሳልፌ አንኳኳለሁ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። አልሄድም። ቀስ ብለህ አንብበው። ስትጨርስ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንዷን ኪኒን ይዘህ በሩን ክፈት። እፊቴ ዋጣት። ከዚያ የፈለግኸውን ያህል ተቆጣኝ፤ እስከ ማታ ጊዜ አለኝ።

እህትህ